በብዙ ተማሪ ክፍል እንግሊዝኛን ማስተማር፦ አርባ ምንጭና ጋሞ ዞን

በጋሞ ዞን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለብዙው ተማሪ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ የሚመጣው ልጅ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ ይለምዳል። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ ሰፈር፣ መንገዱን የያዘው አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማውና የሚነገረው ባብዛኛው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። የቀድሞው ደቡብ ክልል ለረጅም ዓመታት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲያስተምር ቆይቷል። በመሆኑም እንግሊዝኛው ያልጠና ተማሪ ባዮሎጂና ፊዚክሱም አብረው ይከብዱታል።

ለሁለተኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው፤ በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁጥሩ ከዚህ ያልፋል። 70 ተማሪ ባለበት ክፍል 40 ደቂቃ እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ 35 ሰከንድ አይደርስም። ከንግግር ይልቅ የሚጎዳው ግን ጽሕፈት ነው። ስድስት ክፍል የያዘ መምህር 420 ደብተር ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ ቢያርም 14 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ድርሰት ማጻፍ ይቀራል፤ ሰዋስውና የምርጫ ጥያቄ ቦታውን ይይዛሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በምርጫ የሚመለስ መሆኑ ይህንኑ ያበረታታል።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው፣ በቴሌቪዥን የሚሰራጨው የፕላዝማ ትምህርት ተማሪው ጥሩ እንግሊዝኛ እንዲሰማ አስችሎ ነበር። ሆኖም ፍጥነቱ የብዙዎችን አቅም ያልፍ ነበር፤ ስርጭቱን አስቁሞ መጠየቅም አይቻልም ነበር።

የሚያዋጣው መንገድ የቡድን ሥራ ነው። 70 ተማሪ በአምስት በአምስት ሲቀመጥ 14 ቡድን ይሆናል፤ የፊት ዴስክ ተማሪዎች ወደ ኋላ ከዞሩ ወንበር ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። አባላቱ ሐሳቡን መጀመሪያ በጋሞኛ ወይም በአማርኛ ይወያዩበታል፤ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ አንድ ወረቀት ይጽፋሉ። የስድስቱ ክፍል እርማት እንዲህ ከሦስት ሰዓት በታች ያልቃል። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን የሚመራበት፣ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ብዙ ጊዜ የከሸፈው ጎበዙ ጽፎ ሌሎቹ ስለሚገለብጡ ነው፤ ጸሐፊው በየሳምንቱ ከተቀያየረ ይህ ይቀንሳል። እርማቱም በአንድ ጊዜ በአንድ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ባለፈ ጊዜ ግሥ ላይ፣ ቢወሰን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይተራረማሉ።

ይህን ዘዴ መምህሩ ብቻውን አይዘልቀውም። ርእሰ መምህራን በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ የጽሑፍ ምዘና ማርክ እንዲኖረው ሊያደርጉ ይገባል።