ተጨማሪ መረጃ፦ ብናኝ የሚጠርግ የጎማ ከንፈር

በኮምፒውተር የሚመራ የእንጨት መቅረጫ (ሲኤንሲ) በቤት ውስጥ ሲሠራ ዋናው ጠላቱ ብናኝ ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው እንደ መቱና ጎሬ ባሉ የኢሉባቦር ከተሞች የዋንዛ ብናኝ ከእርጥበትና ከግሪስ ጋር ተላቁጦ በሐዲዱ ላይ የሚንሸራተተውን የማሽኑን ክፍል ይይዘዋል። መከላከያው ሐዲዱን እየታከከ የሚጠርግ ለስላሳ ከንፈር ነው።

ከንፈሩን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ መቁረጥ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ላስቲክ ዘይት ሲነካው ያብጣል። ዘይት የሚችለው ናይትራይል የተባለው ጎማ ነው። ለየት ያለ ቅርጽ ሲያስፈልግ ደግሞ ሲሊኮን በቅርጽ ማውጫ ይሞላል። የቱቦ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስለዚህ በስሱ አድርጉት።

አስተውሉ፦ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ ብረት ያዝጋል፤ ሽታ የሌለውን ምረጡ።