የትውልድ አገር የስፖርተኛን ዕጣ ይወስናል? ጥያቄው ከኡም ራኩባ ሲታይ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሪገን በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ኢትዮጵያ ካገኘቻቸው አራት ወርቆች ሦስቱን ያስገኙት ትግራይ ውስጥ የተወለዱ ሴቶች ነበሩ። ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በማራቶን፣ ጉዳፍ ፀጋይ ደግሞ በ5 ሺህ ሜትር አሸነፉ።

በዚያው ወር፣ ጦርነቱን ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ውስጥ ይኖሩ ነበር። ከመጠለያዎቹ አንዱ ከኢትዮጵያ ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው በገዳሪፍ ግዛት ያለው ኡም ራኩባ ነው። ቦታው በ1977ቱ ድርቅ ዘመንም ኢትዮጵያውያንን አስጠልሏል። ከተዘጋ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ።

የአንድ አካባቢ ልጆች በአንድ ወቅት በመድረክ ላይም በድንኳን ውስጥም ተገኙ ማለት ነው። ታዲያ አንድ ስፖርተኛ ለስኬት የሚበቃው በትውልዱ ነው ወይስ በሌላ?

ንጽጽሩ በጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል። ኡም ራኩባ ከደረሱት ብዙዎቹ የሑመራና የአካባቢዋ ቆላ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ በሯጭ የምትታወቀው ግን በደጋዋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው የአርሲዋ በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ጥሩነሽ ዲባባንና ቀነኒሳ በቀለን አፍርታለች። ሮበርት ስኮት፣ ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው እአአ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ታላላቅ የኢትዮጵያ ሯጮች በብዛት ከአርሲና ከሸዋ የተገኙ መሆናቸውን፣ በልጅነታቸውም ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት የመመላለስ ልማድ እንደነበራቸው አመልክተዋል። እነዚህ የመልክዓ ምድርና የኑሮ ሁኔታዎች ናቸው፤ ዜግነት አይደሉም።

ከሩጫ እጅግ የራቀ የሚመስለው የበረዶ ሆኪም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ የሚጫወቱት ከሞላ ጎደል ሁሉም ካናዳውያን ስለነበሩ ስፖርቱ ለእነሱ ብቻ የተሰጠ ይመስል ነበር። ዛሬ ድርሻቸው ከግማሽ በታች ነው። ስዊድንና ፊንላንድ ታዳጊዎቻቸውን አሠልጥነው ወደ ሊጉ ሲያሻግሩ፣ ሶቪየት ኅብረት ግን እስከ 1989 ድረስ ተጫዋቾቿን አልለቀቀችም። በዚያ ዓመት ከተሻገሩት መካከል ሰርጌይ ማካሮቭ በ31 ዓመቱ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዞ የመጣን ሰው “አዲስ” ማለት ሊያስገርም ይችላል። የዘገየው በችሎታ ማነስ ሳይሆን መንግሥቱ እንዳይወጣ ስለከለከለው ነው።

በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሕይወት ውስጥ ወረቀት ከዚህም በላይ ይከብዳል። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን እአአ በ2008 በ15 ዓመቷ ተሰዳ ኔዘርላንድስ ገባች፤ በ2013 ዜግነት አገኘች። በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ለኢትዮጵያ የሮጠችውን ትዕግስት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ ወርቁን ወሰደች። በሌላ በኩል በሉክሰምበርግ ጥገኝነት ያገኘው ማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ ለኢትዮጵያም ለሉክሰምበርግም መሰለፍ ስላልቻለ ከታላላቅ ውድድሮች ተገልሎ ቆይቷል። ኦሊምፒክ የገባው እአአ በ2016 በሪዮ የስደተኞች ቡድን ሲመሠረት ነው፤ ዕድሜው ያኔ 36 ነበር።

ለኡም ራኩባ ይበልጥ የሚቀርበው የካኩማ ምሳሌ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የሚገኘው ይህ መጠለያም ቆላ ነው፤ ሙቀቱም እንደ ገዳሪፍ ብርቱ ነው። ደቡብ ሱዳንም በሯጭ የምትታወቅ አገር አልነበረችም። ሆኖም በሪዮው የስደተኞች ቡድን ከታቀፉት አሥር ስፖርተኞች አምስቱ በኬንያ የተጠለሉ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቀድሞዋ የማራቶን ኮከብ ቴግላ ሎሩፔ ያቋቋመችው ድርጅት በመጠለያው የሩጫ ማጣሪያ አካሂዶ የተመረጡትን በናይሮቢ አቅራቢያ ወደምትገኘው ከፍተኛ ቦታ ንጎንግ ወስዶ አሠለጠነ። ከዚያ በፊት በካኩማ ሯጭ አለ ብሎ የጠረጠረ ብዙ ሰው አልነበረም።

በፓሪሱ የስደተኞች ቡድን የተካተቱት ሁለት ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ ብስክሌት ተወዳዳሪዋ ኢየሩ ገብሩና የ1500 ሜትር ሯጯ ፋሪዳ አባሮጌ፣ የተመረጡት ፈረንሳይ ውስጥ ሆነው ነው። ፋሪዳ ወደዚያ የደረሰችው በሱዳን በኩል አልፋ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ለመግባት በሕግ የታወቀ ስደተኛ መሆን ያስፈልጋል፤ ዕጩዎችን የሚያቀርበውም በተለምዶ የአስጠጊው አገር ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው። ሱዳን ደግሞ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት፤ ራሷ ገዳሪፍም በአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ተጨናንቃለች። ስደተኛው ከመጠለያው ርቆ ለመጓዝ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ በጦርነት መካከል የሚሮጥበት ውድድር ማግኘት አዳጋች ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአሥር ዓመቱ ድንበሩን የተሻገረ ልጅ፣ እአአ በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሲከፈት አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ይሆነዋል።