የነገሥታት ታሪክና የቅድስት ከተማ ክርክር፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ከቍጥር 19 እስከ 30 ባለው ላይ የተጻፈ ማብራሪያ

ሳምራዊቱ ሴት በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ከጌታ ጋር በተነጋገረች ጊዜ፥ ነቢይ መሆኑን ከተረዳች በኋላ ያነሣችው ጥያቄ የቦታ ክርክር ነው። አባቶቿ በገሪዛን ተራራ ይሰግዱ ነበር፤ አይሁድ ግን የስግደት ቦታ ኢየሩሳሌም ናት ይሉ ነበር። ክርክሩም በእርሷ ዘመን የተጀመረ አይደለም። የአይሁድ ገዢና ሊቀ ካህናት የነበረው ዮሐንስ ሂርቃኖስ ከጌታ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የገሪዛንን መቅደስ አፍርሶ ነበርና፥ ሴቲቱ የተናገረችው ከመቶ ዓመት በላይ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ቂም ነው።

የጌታ መልስ ሁለት ወገን አለው። በአንዱ ወገን መድኃኒት ከአይሁድ መሆኑን በመናገሩ ታሪክን አጸና፤ በሌላው ወገን እውነተኛ ስግደት በመንፈስና በእውነት እንጂ ቦታን በመያዝ እንዳይደለ አስተማረ። አንድም፥ ሁለቱም ቦታዎች የሚፈርሱ መሆናቸውን ሲያመለክት ነው፤ የገሪዛን መቅደስ አስቀድሞ ፈርሷል፥ የኢየሩሳሌምም መቅደስ በ70 ዓ.ም. በሮማዊው በጢጦስ እጅ ፈረሰ። እንግዲህ ታሪክ አይካድም፤ ነገር ግን ቅድስና በክርክር ለረታ የሚሰጥ ርስት አይደለም።

ይህ ምሥጢር ለሰቆጣና ለዋግ ደጋ ካህናትና መኳንንት ከሌላው ይልቅ የቀረበ ነው። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከአገው ወገን ከነበሩት ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር። ክብረ ነገሥት ግን የኢትዮጵያን ዙፋን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከምኒልክ ዘር ጋር ብቻ ያያይዛል። ስለዚህ የዋግ ሰው ክብረ ነገሥትን ሲገልጥ አባቶቹን የሚነቅፍ ቃል ያገኛል፤ ገድለ ላሊበላን ሲገልጥ ደግሞ ከእነዚያ ከአባቶቹ አንዱን ከቅዱሳን ጋር ተቈጥሮ ያገኘዋል። ሁለቱም መጻሕፍት የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

ክብረ ነገሥት በመጨረሻው ገጹ ስለ ራሱ ይናገራል። በዚያ እንደ ተጻፈው፥ መጽሐፉ ከቅብጥ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ የተመለሰው በ409 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1225 ዓ.ም.፥ ላሊበላ በተባለው በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ነው። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ወደ ግእዝ ግን በዚያን ጊዜ አልተመለሰም፤ ዘመኑ የዛጔ ነበርና፥ መጽሐፉም ከእስራኤል ወገን ሳይሆኑ የሚነግሡትን ሕግ ተላላፊዎች ይላቸዋልና። የአክሱሙ ይስሐቅ ከረዳቶቹ ጋር ወደ ግእዝ የመለሰው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ የዛጔ መንግሥት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚህ እንደሚታየው መጽሐፉ ወገኑን አልሸሸገም፤ ለየትኛው ዙፋን እንደሚመሰክር፥ በየትኛው ዘመንም ዝም እንዳለ በራሱ ብዕር አስታውቋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚጣል አይደለም፤ ነገር ግን ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ምስክር ነው፥ ምስክርም ሲሰማ የማን ወገን እንደ ሆነ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ምስክር ገድላት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ይምርሐነ ክርስቶስን ጥቅምት 19፥ ነአኵቶ ለአብን ኅዳር 3፥ ላሊበላን ሰኔ 12 ቀን ታከብራለች። የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉ ነገሥታት ዙፋኑን በያዙበት ዘመንም እነዚህ በዓላት አልተሻሩም። ዘራቸው ለመንግሥት አይገባም የተባሉት ሰዎች ለጸሎት አማላጅ ሆነው ቀሩ።

መንግሥቱ ከዛጔ ወደ ይኩኖ አምላክ ያለፈበትም ነገር በሁለት መንገድ ይተረካል። ይህ የሆነው በ1270 ዓ.ም. ነው። አንዱ ትውፊት ነአኵቶ ለአብ በአባቶች አስታራቂነት ዙፋኑን በፈቃዱ ለቀቀ፥ ዘሩም ዋግን እንዲገዛና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በክብር እንዲቀመጥ ተደረገ ይላል። ሌላው ትውፊት የመጨረሻው ንጉሥ ይትባረክ በጋይንት ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ ይላል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያነብ የፈሰሰውን ደም ይረሳል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚያነብ ደግሞ ቂምን ለልጆቹ ያወርሳል።

መጽሐፍና ሰይፍ እንዴት እንደሚፈላለጉ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው ከ1868 እስከ 1872 ዓ.ም. የሆነው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የዋግ ሹም ገብረ መድኅን ልጅ ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በአባታቸው የዛጔ ወገን ሲሆኑ፥ በእናታቸው ወደ ጐንደር ነገሥታት ይቈጠሩ እንደ ነበር ይነገራል። በሐምሌ 1871 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ድል ተነሡ፤ ካሣም በጥር 1872 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጭነው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ዐፄ ዮሐንስ ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው፥ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበልም ገለጹ። መጽሐፉም ተመለሰ። ሰይፍ ዙፋኑን ከዋግ ሰው እጅ አውጥቶ ሰጣቸው፤ የሕዝቡን መታዘዝ ግን ሰይፍ ብቻውን ሊሰጣቸው አልቻለም።

የቅድስት ከተማም ነገር እንዲሁ ነው። በሮሐ ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በሚገኙበት ስፍራ ወንዙ ዮርዳኖስ፥ ከአብያቱም አንዱ ቤተ ጎልጎታ ይባላል። በሕዝብ ዘንድ የሚነበቡ ብዙ የታሪክ መጻሕፍት፥ ሳላሕ አድ-ዲን በ1187 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በመያዙ የተሳላሚዎች መንገድ ስለ ተዘጋ፥ ላሊበላ በእርሷ ፈንታ ሌላ ከተማ ሠራ ይላሉ። ዘመኑ ይቀራረባል፤ ገድሉ ግን ሥራውን የሚያያይዘው ላሊበላ በሰማይ ካየው ራእይ ጋር ነው። ኢትዮጵያውያንም ከዚያ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድን አልተዉም። ስለዚህ ሮሐ የኢየሩሳሌም ምሳሌ ናት እንጂ ምትክ አይደለችም። አንድም፥ ሁለቱም የላይኛይቱ ኢየሩሳሌም ምሳሌዎች ናቸው፤ ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች በምዕራፍ 4 እንደ ጻፈ፥ እርሷ ነጻ ናትና ጦር አይይዛትም። ከአለት መፈልፈልም በሮሐ ብቻ የቀረ አይደለም፤ ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቆሞ ይታያል።

በምድራዊቱ ኢየሩሳሌም ያለው ክርክር ደግሞ ዛሬም ሕያው ነው። በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለው ዴር ሡልጣን ኢትዮጵያውያንንና ቅብጦችን ሲያከራክር ኖሯል። በ1838 ዓ.ም. ወረርሽኝ የኢትዮጵያን መነኰሳት ፈጀ፤ መጻሕፍታቸውም ተቃጠሉ፥ ቍልፉም ከዚያ በኋላ በቅብጦች እጅ ገባ። በ1970 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት የበሮቹ መክፈቻ ተለውጦ ቍልፉ ወደ ኢትዮጵያውያን ተመለሰ። በ1971 ዓ.ም. የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቍልፉ ለቅብጦች ይመለስ ብሎ ቢፈርድም፥ መንግሥት ነገሩን እንዲመረምር ጊዜ ስለ ተሰጠው ቦታው በኢትዮጵያውያን እጅ ቈየ። ከዚህ ሁለት ነገር ይታወቃል። መጽሐፉ የተቃጠለበት ሰው ምስክሩን ያጣል፤ ደግሞም የሚከራከሩት በሃይማኖት አንድ የሆኑ ወንድማማች ናቸው።

እንግዲህ የነገሥታትን ታሪክ የሚያነብ ካህን ወይም መኰንን ሦስት ነገር ይመርምር። ጸሐፊው በየትኛው ንጉሥ ዘመን ጻፈ? በየትኛው ስፍራ ዝም አለ? ሌላው ወገንስ ምን ይላል? መጽሐፉ አባቶቹን ቢነቅፍ ቅጠሉን አይፋቅ፤ አባቶቹን ቢያከብርም በጎረቤቱ ላይ እንደ ጦር አያንሣው። ለደቀ መዛሙርትም ክብረ ነገሥት ሲነበብ የመጨረሻው ገጽ አይታለፍ፤ ገድለ ላሊበላም ከጎኑ ይቀመጥ።

ሳምራዊቱ ሴት እንስራዋን ትታ ወደ ከተማዋ በተመለሰች ጊዜ፥ ስለ ተራራው የተፈረደውን ፍርድ ለሰዎቹ አላወራችም። መጥተው እንዲያዩት የጠራቻቸው ወደ እርሱ ነበር፤ እነርሱም ከከተማ ወጥተው ወደ እርሱ መጡ።