ስለ ባሕር ዳርቻ ማረፊያና ስለ ፎገራ ጠረፍ

የሰው ልጅ በሥራ የደከመ ሥጋውን በውኃ ዳር ማሳረፍ የጀመረው ከጥንት ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በከተሜው አፍ «ሪዞርት» እየተባለ የሚጠራው፣ መኝታውንና ማዕዱን፣ መታጠቢያውንና መዋኛውን፣ ጨዋታውንና ጸጥታውን በአንድ አጥር ውስጥ ሰብስቦ፣ እንግዳው ከገባበት ሰዓት እስከሚወጣበት ሰዓት ድረስ ምንም ነገር ፍለጋ ወደ ውጭ እንዳይል አድርጎ የሚያስተናግደው ተቋም ዕድሜው ገና አጭር ነው። ከባሕር ዳር ከተማ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ ሲደርስ፣ ጣና በስተግራው ከፎገራ ሜዳ ማዶ ተንጣሎ ሳለ፣ በደቡብ በባሕር ዳር፣ በሰሜንም በጎርጎራ የሚገኙትን ዓይነት ማረፊያዎች በዚህ በምሥራቁ ዳርቻ ለምን እንደማያይ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ መልሱን ለማግኘትም ሪዞርት የሚባለው ነገር በምን ሥርዓት እንደሚተዳደርና በምን መሠረት ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ መመርመር ያሻል።

በዚህ ሙያ ከተራቀቁት አገሮች አንዷ ቱርክ ናት። የአንታልያ ጠረፍ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ ሊመስለው አይገባም፤ በሐዋርያት ሥራ አጣልያ ተብሎ የተጠራው፣ ጳውሎስና በርናባስ ከጴርጌን ወርደው ወደ አንጾኪያ የተሳፈሩበት ወደብ እርሱ ነውና፤ ከዚያ በስተምዕራብ ያለችውም ሙራ፣ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮሜ ሲወሰድ መርከብ የለወጠባት፣ በኋላም ቅዱስ ኒቆላዎስ በመንበረ ጵጵስናዋ የተቀመጠባት ከተማ ናት። የቱርክ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1982 የቱሪዝም ማበረታቻ ሕግ አውጥቶ በመንግሥት ይዞታ የነበረውን የጠረፍ መሬት ለባለሀብቶች በረዥም ዘመን ውል መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከጦሮስ ተራሮች ግርጌ ያለው የባሕር ጥግ፣ ዓሣ አጥማጁና አትክልተኛው በጸጥታ ይኖሩበት የነበረው ሁሉ፣ በታላላቅ ሆቴሎች ተሰልፎ ተሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አገሪቱ የገባው የውጭ አገር ጎብኚ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ወደ አንታልያ ከሚወርዱትም መካከል ሩሲያውያንና ጀርመኖች ከፍተኛውን ቁጥር ይይዛሉ።

የአሠራሩ ምሥጢር ያለው ሁሉን ባጠቃለለው የክፍያ ሥርዓት ላይ ነው። እንግዳው ገና ከቤቱ ሳይነሣ የአውሮፕላኑን፣ የመኝታውን፣ የምግቡንና የመጠጡን ዋጋ አንድ ላይ ይከፍላል፤ ሲደርስም እንግዳ ተቀባዩ በእጁ አንጓ ላይ ባለ ቀለም ማሰሪያ ያስርለታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኪሱን የሚዳስስበት ምክንያት የለውም፤ ቡፌው ጠዋት ቀትርና ማታ ይዘረጋለታል፤ ፎጣው፣ ከባሕሩ ፊት የተደረደረው መጋደሚያ፣ የሕፃናቱ መጫወቻ ሁሉ የእርሱ ነው። ባለቤቱ ሒሳቡን የሚያሰላው እያንዳንዱ እንግዳ በሚበላው ልክ ሳይሆን፣ ሆዳሙና ጾመኛው፣ ጠጪውና የማይጠጣው ተደማምረው በሚሰጡት አማካይ ነው፤ ሥጋውንና አትክልቱን በጅምላ ይገዛል፤ ሠራተኛውንም ለወቅቱ ብቻ ይቀጥራል፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚሰበሰበው ገቢ የቀሩትን ቀዝቃዛ ወራት መሸከም አለበትና። በዚህም ምክንያት ከአጥሩ ውጭ ያለው ባለሱቅና ባለምግብ ቤት የእንግዳውን ብዛት እያየ ከገንዘቡ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ አስቀድሞ ሁሉን የከፈለ ሰው ለሁለተኛ ምሳ ወደ ከተማ አይወጣም። ይህ ነቀፌታ በቱርክም ከራሳቸው ከነጋዴዎቹ አፍ ይሰማል፤ እኔም ተገቢ ነው እላለሁ።

የቅንጦቱ ጫፍ የት እንደሚደርስ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2009 በአንታልያ የተከፈተውን ማርዳን ፓላስን መጥቀስ ይበቃል፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣበት የተነገረለት ይህ ሆቴል፣ በፊቱ ያለው ባሕር የሰጠውን አሸዋ ንቆ ነጭ አሸዋ ከግብፅ በመርከብ አስጭኖ አስመጣ፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ግን በሐራጅ ተሽጦ ወደ ባንክ እጅ ገባ። ባሕሩ የእግዚአብሔር፣ አሸዋው የግብፅ፣ ዕዳው የባለቤቱ ሆነ ማለት ነው።

በእኛ አገር ወደ ውኃ ወርዶ መሰንበት በጥንቱ ልማድ ለፈውስ እንጂ ለመዝናናት አልነበረም። ሕመምተኛው በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ ጠበል ካለበት ደብር ይወርዳል፤ ሱባኤውን ይይዛል፤ ቁርበቱን አንጥፎ ከመሰሎቹ ጋር ይሰነብታል፤ አስተናጋጁ ካህኑ ነው፤ ሥርዓተ ማዕዱም ጾም ነው። በደራ በኩል ያለው የዋንዛዬ ፍል ውኃም፣ ጠበል ባይሆን እንኳ፣ ቆዳውንና መገጣጠሚያውን የታመመ ሰው በተስፋ የሚጓዝበት ስፍራ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቈረቈረችው የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ስፍራውን በመውደዳቸው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በሠለጠነው ዘመን ባለመኪናው ወደ ምጽዋ ወርዶ በጉርጉሱም አሸዋ ላይ መጋደምን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ግን ለኢትዮጵያዊ የቀረለት የውኃ ዳር የሐይቅ ዳር ብቻ ነው፤ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ ጣና።

በጣና ላይ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው ማረፊያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በባሕር ዳር ያለው ኩሪፍቱ ነው፤ ስሙን ከቢሾፍቱው ሐይቅ ያገኘው ይህ ድርጅት በጣና ደቡባዊ ዳር የድንጋይ ጎጆዎቹን ከዛፍ ጥላ ሥር አሰልፏል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» በተባለው መርሐ ግብር፣ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር የተመረጠው ጎርጎራ ነው፤ ዐፄ ሱስንዮስ መናገሻው ያደረገው፣ ጴሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈበት ያው አገር። ሁለቱም ከመሬታቸው አንድ ጸጋ አግኝተዋል፤ ይኸውም ድንጋይ ነው። የባሕር ዳር ዳርቻ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ጎርጎራም ወደ ሐይቁ የገባ ኮረብታማ ልሳነ ምድር ነው። ውኃው ቢሞላ ቢጎድል ከቤቱ ደጃፍ ያለው ርቀት ብዙም አይለወጥም፤ አናጢውም መሐንዲሱም የሐይቁን ዳር እዚህ ላይ ነው ብለው ጣታቸውን ሊቀስሩበት ይችላሉ።

ፎገራ ግን ሌላ ነው። የጣና ጥልቀት ከሚበዛበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በምሥራቁ በኩል ደግሞ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር ጠርገው እያመጡ ለብዙ ሺህ ዘመን ሲያራግፉ የኖሩበት ስለሆነ፣ የሐይቁ ወለልና የሜዳው ፊት በአንድ ገመድ የተለኩ ይመስላሉ። ስለዚህ በሌላው ዳር አንድ ክንድ ከፍ ያለ ውኃ ድንጋይ ሲያርስ፣ በዚህኛው ዳር ግን ያው አንድ ክንድ ረዥም መንገድ ወደ መሬቱ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ከወሰናቸው ሲወጡ፣ ሐይቁም ከበላይ ሆኖ መውጫ ሲነሣቸው፣ በናበጋና በዋገጠራ በኩል መንገዱ ይጠፋል፤ ጎረቤት ወደ ጎረቤት በታንኳ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት የደረሰው የውኃ መጥለቅለቅ ብዙ ቤተ ሰብ ከቀዬው አፈናቅሎ ስለነበር የአገሩ ሰው ዛሬም ዘመን ይቈጥርበታል።

በጋ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ውኃው ቀን በቀን እየሸሸ ሲሄድ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ከሥሩ ይወጣል፤ መጀመሪያ እንደ ሊጥ የረጠበ ነው፤ ሲቆይ ላዩ ይደርቅና እጅ እስኪገባበት ይሰነጠቃል፤ ገበሬውም ስንጥቁ ሳይሰፋ እግር በእግር እየተከተለ ጓያውንና ሽምብራውን ባሕር ሸሽ በሚባለው መሬት ላይ ይዘራል፤ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይዘንብ በመሬቱ ልብ በቀረው ርጥበት ብቻ ይበቅላል። ከፍ ባለው ማሳ ያለው ሩዝ ነው፤ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በአምራች ማኅበራት ማሳ ላይ የሞከሩት፣ ከእነዚህም ስፍራዎች በአንዱ በጅግና ስም አንድ ዝርያ እስከ ዛሬ ኤክስ ጅግና እየተባለ የሚጠራበት፣ ዛሬም በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመለት እህል ነው። በከተማይቱ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ሲጮኹ ይውላሉ፤ እናቶችም ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ ይጋግራሉ። ለሩዝ ውኃ የተኛበት መሬት በረከት ነው፤ ለሆቴል መሠረት ግን መርገም ነው።

የቀደሙት ነገሥታት ይህን ሳይረዱት አልቀሩም እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 የነገሠው ዐፄ ሠርጸ ድንግል የጉዛራን ግንብ ያሠራው ከሜዳው በሰሜን በእንፍራንዝ በኩል ባለ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሐይቁም ሜዳውም ከእግሩ በታች ተዘርግተው ይታዩታል፤ እግሩ ግን አይረጥብም። ሜዳው የከብቱ ነው፤ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች፣ እስከ ሆዷ ውኃ ገብታ ሣር መጋጥ የማትፈራ ናትና።

አንድ ባለሀብት ተነሥቶ በዚህ ጠረፍ ላይ የአንታልያን ዓይነት ማረፊያ ልሥራ ቢል፣ አስቀድሞ የሐይቁን ዳር በግድብ አጥሮ ማጽናት ሊኖርበት ነው፤ ያን ባደረገ ዕለትም ባሕር ሸሹን ከገበሬው፣ ግጦሹን ከላሟ፣ በሐምሌ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው የሚራቡትን ዓሦችም ከመንገዳቸው ሊለይ ነው። ይህን ሁሉ አድርጎ እንኳ እንግዳው የሚዋኝበት ጥርት ያለ ውኃ አያገኝም፤ የዚህ ዳር ውኃ ከወንዞቹ አፈር የተነሣ ድፍርስ ነው፤ በወንዞቹ አፍ ጉማሬ አለበት፤ በጥልቀት የለሹ ዳር የቢልሃርዚያ ሥጋት አለ፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም ይህንኑ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ከሌላው ይልቅ መርጦ ሰፍሮበታል፤ ገበሬው በዘመቻ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ብዙ ዓመት አልፏል። በነገራችን ላይ በጣና ዳር ያለ የተመቸ ማረፊያ ሐይቁን በመስኮት እያሳየ በገንዳ የሚያዋኘው በከንቱ አይደለም።

እንግዳ ግን ፎገራን አልናቀም። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሩሲያ በበረዶ በተሸፈነች ጊዜ፣ አንገተ ረዣዥም ግራጫ ወፎች በመንጋ ሆነው ከዚያ ይመጡና በታጨደው ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ሲመሽም ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሩሲያዊው በሐምሌ አንታልያ ከርሞ ሲመለስ ወፉ በኅዳር ፎገራ ይወርዳል፤ ለአልጋም ለቡፌም የሚጠይቀው የለም።

እኔ የጣናን ማረፊያዎች በቅንጦታቸው አልነቅፋቸውም፤ የደከመ ሰው ገንዘብ ካለው በለሰለሰ አልጋ ቢተኛ ኃጢአት የለበትም። የምጠይቃቸው ስለ ገበታቸው ነው። ከአጥሩ ወዲያ በታንኳ የሚሠማራ ዓሣ አጥማጅ አለ፤ ታንኳዋ በደንገል እስር ተደርድራ በልጥ የተጠፈረች፣ ውኃ ጠጥታ እስክትከብድ ጥቂት ጊዜ ብቻ የምታገለግል ናት፤ በዚህች ሥራ ከጥንት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ማታ መረቡን ይጥላል፤ ሲነጋ ቆሮሶውንና አምባዛውን ይሰበስባል። የቡፌው ሩዝ ከሕንድና ከፓኪስታን በመርከብ ተጭኖ ከሚመጣ ከወረታ ወፍጮ ቢገዛ፣ ዓሣውም በዕለቱ ከታንኳው ቢወሰድ፣ ቅቤውና ወተቱም ከፎገራ ላም ቢሆን፣ ፎገራ አንድም የእንግዳ አልጋ ሳይዘረጋ ከማረፊያው ንግድ ድርሻውን ያገኛል፤ ቱርኮች አጥሩን ሲያጥሩ የዘነጉትም ይህንኑ ነው።

ጠረፉን በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልሉ በግጭት ውስጥ ስለሰነበተ፣ የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ ይጠይቅ። ወራቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ቢሆን ይሻላል፤ ያን ጊዜ ዋልካው ደርቆ ከወረታ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ መኪና ይችላል፤ ወፎቹም ገና አልሄዱም። ወረታ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ስለሆነች መኪና አያጣም፤ መኝታውም ንጹሕና ቀላል ነው፤ ስፓና ሳውና የሚሻ ግን በዕለቱ ወደ ባሕር ዳር ይመለስ።