አዚትሮማይሲን በላስታ፦ ለዓይን ተሰጥቶ ከዓይን ያለፈ መድኃኒት

በዚህ ጽሑፍ ላወራችሁ ያሰብኩት ሁላችንም ስሙን ስለምናውቀው መድኃኒት ነው፤ አዚትሮማይሲን። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጉሮሯችንን ሲከረክረን ከመድኃኒት ቤት በሦስት ፍሬ ገዝተን የምንውጠው ሆኖ ነው። እኔ ባደግሁበት በላሊበላ ዙሪያ ግን ይህ መድኃኒት ከዓይን ጋር ነው የሚነሳው። ለአንድ በሽታ ተብሎ የተዋጠ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት በሰውነታችንም በመንደራችንም ሌላ ብዙ ነገር እንደሚነካ ከዚህ ምሳሌ የተሻለ ያገኘሁ አይመስለኝም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው

ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ቢይዝ ዓይን አያጠፋም። ጉዳቱ መመላለሱ ላይ ነው። ለዓመታት ሲደጋገም የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፣ ቆቡም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከዚያ የገዛ ሽፋሽፍት ብሌኑን እየፈገፈገ ያቆስለዋል። የላስታ እናቶች ወረንጦ በክር አስረው በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ለጌጥ አይደለም፤ የታጠፈውን ፀጉር ለመንቀል ነው። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ የሚጎዱትም ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ከሆኑ የአገራችን ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ደግሞ ቁጥሩ 62 ነጥብ 6 በመቶ ደርሶ ነበር። ከሦስት ልጅ ሁለቱ ማለት ይቻላል!

መድኃኒቱ

አዚትሮማይሲን ማክሮላይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የዚህ ቤተሰብ ታላቅ ወንድም ኤሪትሮማይሲን ሲሆን፣ አዚትሮማይሲንን በ1980 የሠሩት በዛግሬብ ከተማ የነበሩ የፕሊቫ ኩባንያ ተመራማሪዎች ናቸው። በኤሪትሮማይሲን ባለ 14 አቶም ቀለበት ላይ አንድ ናይትሮጅን ጨምረው ባለ 15 አደረጉት።

ሥራው ቀላል ነው። ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም አዲሱ ፕሮቲን የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ አለው። መድኃኒቱ እዚያ ገብቶ ይወተፋል። ፋብሪካው በሩ ተዘጋበት ማለት ነው። ለትራኮማ የተመረጠበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ክላሚዲያ የሚኖረው በሕዋሳችን ውስጥ ተደብቆ ሲሆን፣ አዚትሮማይሲንም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፤ ለቀናትም ይቆያል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጥ ይበቃል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ 20 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 1 ግራም ነው። በዘመቻ ጊዜ ሚዛን ይዞ ተራራ መውጣት ስለማይመች ሰው በቁመት መለኪያ ዘንግ ይለካና በዚያው ልክ ይሰጠዋል። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን ቅባት ይታደላል።

መድኃኒቱን ፋይዘር በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ከ2008 ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት ተብሎ በዘመቻ ታድሏል።

ከዓይን ባሻገር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ2006 በምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ አንድ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። በአንዳንድ ጎጦች ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች በየሦስት ወሩ መድኃኒቱን እንዲወስዱ ተደረገ። በአንድ ዓመት ውስጥ ክላሚዲያ የተገኘባቸው ልጆች ከ48 ነጥብ 4 በመቶ ወደ 3 ነጥብ 6 ወረዱ። የበለጠ የሚገርመው በእነዚያ ጎጦች መድኃኒቱን ያልወሰዱት ትልልቆቹም መጠበቃቸው ነው። ልጁ ሲድን እናቱ የሚይዛት ከየት ይመጣል?

በዚያው ጥናት ሁለተኛ ነገር ታየ። መድኃኒቱ በታደለባቸው ጎጦች የሕፃናት ሞት ካልታደለባቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። መድኃኒቱ የሳንባ ምችንና የተቅማጥን ተህዋስያን ሳይቀር ስለሚነካ ሳይሆን አይቀርም። በ2018 የወጣው የኒጀር፣ የማላዊና የታንዛኒያ ጥናትም የሕፃናት ሞት በ13 ነጥብ 5 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ሦስተኛው ግን ደስ አይልም። ከልጆቹ አፍንጫ በተወሰደ ናሙና፣ የሳንባ ምች የሚያመጣውና ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ተላምዶ የተገኘባቸው ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3 ነጥብ 6 በመቶ ወደ 46 ነጥብ 9 ዘለሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ወይ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣሉ፣ ወይ የገባውን መልሰው ይተፉታል። እድሉ ሲቆም ይህ መላመድ ቀንሷል። እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ያው መድኃኒት፣ ያው ልጅ፣ ያው ዓመት ነው፤ አንዱ ተህዋስ ሲጠፋ ሌላው በረታ።

ታዲያ ይቁም?

አይቁም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከላስታ ሳልርቅ ልንገራችሁ። በሰሜን ጎረቤታችን በሆነችው በዋግ ኽምራ በ40 ቀበሌያዊ መንደሮች በ2015 ሌላ ጥናት ተጀምሮ ነበር። በግማሾቹ የውኃ ነጥብ ተሠራ፣ ሳሙና ታደለ፣ ፊት የመታጠብ ትምህርት ተሰጠ። በ2022 የወጣው ውጤት ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በሁለቱ ወገን መንደሮች መካከል በክላሚዲያ ረገድ ልዩነት አላገኘም። ይህ «ውኃ አይጠቅምም» ማለት አይደለም። ውኃ ለስንት ነገር ነው! ትርጉሙ፣ ትራኮማ በበረታበት አካባቢ ፊት መታጠብ ብቻውን ቶሎ አያሸንፍም ነው። በጎንቻም ዘመቻው በተቋረጠባቸው ጎጦች በሽታው እያንሰራራ መጥቷል።

ከዚህ አንጻር ሰላም ማጣትም የጤና ጉዳይ ነው። ላሊበላ በ2021 ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ በጦርነት ውስጥ ስታልፍ፣ ቤት ለቤት ዞሮ ኪኒን ማደል እንደማይታሰብ ማንም ይገባዋል። ለክላሚዲያ ደግሞ ያመለጠ ዙር ማለት ትርፍ ነው። ጋና ግን በ2018 ትራኮማን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማስወገዷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ስለዚህ የሚቻል ነገር ነው።

እኛስ?

እንግዲህ ይህ መድኃኒት እንደ መንደር ምንጭ የጋራ ነው። እስካሁን በተመረመሩት ናሙናዎች ክላሚዲያ ራሱ መድኃኒቱን ሲላመድ አልታየም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ኒሞኮከስ ግን እንዲህ አልታደለንም። ጉንፋን ደግሞ ቫይረስ ነው፤ ራይቦዞም የለውም፤ አዚትሮማይሲን የሚወትፍበት ቀዳዳም የለውም። ለጉንፋን የዋጥናት ፍሬ ጉንፋኑን አትነካም፤ አፍንጫችን ውስጥ ያለውን ኒሞኮከስ ግን ታለማምዳለች። ለላስታ ሕፃን ዓይን ሲባል የምንከፍለው ዋጋ ምክንያት አለው፤ ለእኛ ጉንፋን ሲባል የምንከፍለው ግን ምን ምክንያት አለው?

የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ሁለት ነገር አደራ። ዘመቻ ካለ ቤተሰባችሁ አንድም ሰው ሳይቀር እንዲውጥ አስረዱ፤ ያልዋጠ አንድ ቤት ለጎረቤቱ ይተርፋልና። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ለመግዛት የሚሄድ ካለ ደግሞ መልሱት። ቸር ይግጠመን።