የአፍ ካንሰር፦ ትንሿ ናሙና ምን ትነግረናለች?

ለውዱእ በየቀኑ ደጋግመን አፋችንን እንጉመጠመጣለን። ሆኖም በምላስ ጠርዝ ወይም በድድ ላይ የወጣች፣ ሕመም የሌላት ቁስል ለወራት ስትቆይ ዝም የምንል ብዙዎች ነን። ሐኪሙ «ናሙና ይወሰድ» ሲል ደግሞ «ብረት ከነካው ይባባሳል» ብለን የምንሸሽ አለን። ውድ አንባቢያን፣ በሐኪም የሚወሰድ ናሙና በሽታውን አያባብስም። የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።

ዕጢው ምን ያህል ኃይለኛ ነው?

ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰር መሆን አለመሆኑ ይለያል። ከዚህም ሌላ በሴሎቹ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን በልዩ ቀለም በማሳየት የዕጢውን ጠባይ መገመት ይቻላል። ከእነዚህም መካከል፦

1. ኪ-67፦ በመባዛት ላይ ባሉ ሴሎች ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። በብዙ ሴሎች ላይ ከታየ ዕጢው በፍጥነት እያደገ መሆኑን ይጠቁማል።

2. ፒ-53፦ የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚያግድ ዘብ ነው። ዘረመሉ ሲበላሽ ግን ሥራውን መሥራት ያልቻለው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ በሴሉ ውስጥ ይከማቻል።

3. ኢ-ካድሄሪን፦ ሴሎችን እርስ በርስ አያይዞ ያቆያል። ሲቀንስ ሴሎቹ ተላቀው ወደ አንገት ንፍፊቶች የመዛመት ዕድላቸው ይጨምራል።

እነዚህ ምልክቶች ግን ብቻቸውን ሕክምናን አይወስኑም። ሐኪሙ በዋናነት የሚያየው የዕጢውን መጠንና ጥልቀት፣ እንዲሁም አንገት ላይ መድረስ አለመድረሱን ነው። በጊዜ የተደረሰበት ትንሽ ዕጢ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። የዘገየው ግን ምላስን፣ መንጋጋን፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል።

መንስኤው

ዋነኞቹ መንስኤዎች ትምባሆና አልኮል ሲሆኑ፣ ሁለቱ ሲደመሩ አደጋው ይበረታል። በአፍ የሚያዝ ትምባሆና ሺሻም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሺሻን ማስመጣትና መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። ይሁንና አጭሶም ጠጥቶም የማያውቅ ሰው በዚህ በሽታ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ በታመመ ወንድማችን ወይም በታመመች እህታችን ላይ ሱኡ ዘን አናድርግ። ሐሜትን ፈርቶ የሚደበቅ በሽተኛ የሕክምናው ጊዜ ያመልጠዋልና።

መቼ እንሂድ?

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ የመዋጥ ችግር ወይም የአንገት እብጠት ካለ ሳንውል ሳናድር እንታይ። በጎንደር ከተማ ያለን ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እንሂድ። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ያላችሁም በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጀምራችሁ የሪፈር ወረቀት ጠይቁ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጣ ጎረቤት ካለ የጀመዓው ሰደቃ ይድረስለት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ሚስዋክ ስንጠቀም አንዳንዴ በመስታወት ምላሳችንን፣ ድዳችንንና የጉንጫችንን ውስጥ እንይ። አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን፣ አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።