በየካና በእንጦጦ ግርጌ የሚሠራ ሕንፃና የፀሐይ ኀይል

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ በመመናመኑ፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን በስፍራዋ ያጸናት ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህም የሚገኘው ትምህርት፣ ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱ የሚሻውን ኀይል ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ መሆኑ ነው።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሆኖም ኀይሉ ከግድቡ እስከ ሱቁ ደጃፍ የሚደርሰው በረጅም መሥመር ስለ ሆነ፣ መሥመሩ በተቋረጠ ጊዜ በሾላ ገበያ ያለው ሥጋ ቤትም ሆነ በመገናኛ ያለው ማተሚያ ቤት ሥራው ይጓደላል። ስለዚህ ጣራን የኀይል ምንጭ ማድረግ ለነጋዴው የሚጠቅም ነገር ነው።

የየካ መሬት በአብዛኛው ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። እንግዲህ ጣራው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብሎ ቢሠራ፣ በተለምዶ ሶላር የሚባለው ሰሌዳ ያለ ሌላ የብረት መቆሚያ ይቀመጥበታል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። የደጋው አየርም ይረዳል፤ ሰሌዳው ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቍጥር በየዲግሪው ከኀይሉ ከመቶ 0.4 ያህል ይቀንሳልና።

ከሁሉ ይልቅ ሒሳቡ ግልጽ የሆነው የውኃ ማሞቂያው ነው። 200 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማሞቅ 9.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ኀይል ያስፈልጋል። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኀይል ስለሚያርፍ፣ ግማሹን ብቻ የሚይዝ 4 ካሬ ሜትር ማሞቂያ ለዚህ ይበቃል። ሰማዩ በሚደፈንበት በሐምሌና በነሐሴ ግን የኤሌክትሪክ ድጋፍ አይቀርለትም።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ሲገባ ነው። የተሞላ በርሜል ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የጣራው ማገር በዚያ ልክ መታሰብ አለበት። ቧንቧውና የሽቦው መተላለፊያ ከልስኑ በፊት ይቀበሩ፤ የጎረቤት ፎቅና የባሕር ዛፍ ጥላም ይመርመር። ከተጠናቀቀ በኋላ ግድግዳ መሰርሰርና ጣራ መክፈት ወጪውን ያበዛል።

አስመጪውም የሚያስበው አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሌሊት በእንጦጦ ከፍታ ውርጭ ይወርዳል፤ በቧንቧው ውስጥ የረጋ ውኃም በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ለቈላ አገር የተሠራውን ዕቃ ስለ ረከሰ ብቻ ከማምጣት፣ ውርጭ የሚችለውን ከነመለዋወጫው ማስመጣት ይሻላል። ባለ ሱቁም ዕቃውን ሲሸጥ የጣራውን አቅጣጫና ጥንካሬ ይጠይቅ። አንድ ማሞቂያ በመጀመሪያው ውርጭ ቢፈነዳ ገዢው የሚያማው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ነው፤ ስመ ጥሩነት ደግሞ እንደ ዕቃ በመለዋወጫ አይተካም።